ነፋስን በየተራ ስለ መመከት

ድሬዳዋ የተቈረቈረችው በባቡር ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በመጀመሪያ ወደ ሐረር እንዲሄድ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የሐረር ደጋ ለባቡር እጅግ አስቸጋሪ ሆነ፤ ባቡር እንደ በቅሎ ገደል አይወጣምና። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ዐለፈ። በ1895 ዓመተ ምሕረት ባቡሩ ከዚያ በደረሰ ጊዜ አዲስ ከተማ ተመሠረተች፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ትባል ነበር።

እንዲህ በሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ ለብስክሌት የተመቸች ናት። የባቡሩ ኩባንያ ሰዎች በከዚራ በኩል መንገዱን ቀጥ አድርገው ቀየሱት፤ በዳርና በዳሩም ጥላ የሚሰጡ ዛፎች ተተከሉ። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላም ቢሆን ገበያው ይጨናነቃል እንጂ አቀበት አይበዛበትም። ስለዚህ የድሬዳዋ ሰው ብስክሌትን ወዳጁ አድርጎ ኖረ። ሠራተኛው ወደ ሥራው፥ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ በብስክሌት ይሄድ ነበር። ዛሬ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ መንገዱን ቢሞላውም ብስክሌት ፈጽሞ አልጠፋም።

ብስክሌት ባለበት ስፍራ ሁሉ እሽቅድምድም አይቀርም። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ሲሄዱ አንዱ ሌላውን ሊቀድም ይወዳልና። ልጆቹ ሲያድጉ ማኅበር ያቆማሉ፤ ማኅበሩም ዳኛ ይመርጣል፥ ሕግ ያወጣል፥ በዓመትም አንድ ቀን ቈርጦ ውድድር ያደርጋል።

ከእነዚህ ውድድሮች አንዱ የዙር ውድድር ይባላል። በዙር ውድድር ተወዳዳሪዎቹ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ አይሄዱም፤ በከተማው ውስጥ የተከለለውን አንድ መንገድ ደጋግመው ይዞሩታል እንጂ። መንገዱ አጭር ቢሆንም ሃያ ጊዜ ወይም ሠላሳ ጊዜ ሲዞሩት ረጅም ይሆናል። ዳኞች በመጨረሻው መስመር ላይ ቆመው ዙሩን ይቈጥራሉ፤ አንድ ዙር ብቻ ሲቀርም ደወል ይደወላል። ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ሁሉን ያያል። ተወዳዳሪዎቹ አንድ ጊዜ ዐልፈው አይጠፉምና ማን እንደ በረታ፥ ማንም እንደ ደከመ ሕፃን እንኳ ሊያውቀው ይችላል።

ነገር ግን ከተመልካቹ የሚበዛው ልቡን የሚያሳርፈው በመጨረሻው ዙር ላይ ብቻ ነው። ደወሉ ሲደወል ይነሣል፤ የመጀመሪያው ሰው መስመሩን ሲያልፍ ያጨበጭባል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዙሮች ማን እንደ ደከመ፥ ስለ ማንም እንደ ደከመ አይጠይቅም። ይህ ግን የጐደለ ፍርድ ነው። የጐደለ መሆኑም የሚታወቀው የነፋስን ነገር ያስተዋሉ እንደ ሆነ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ፈጥኖ የሚሄድ ሰው ነፋስ ያገኘዋል። አየሩ ቆሞ ሳለ እርሱ ስለሚሮጥበት አየሩ እንደ ግድግዳ ይከለክለዋል። ፍጥነቱንም እጥፍ ያደረገ እንደ ሆነ የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆንበታል። ስለዚህ በሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ትልቁ ጠላት የመንገዱ ርዝመት አይደለም፤ ፊቱን የሚገፋው አየር ነው እንጂ።

ነገር ግን ከሌላው ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ይህ ግፊት ይቀልለታል። የፊተኛው ነፋሱን በደረቱ ይመክትለታልና። ኋለኛው ከኀይሉ ሩቡን፥ አንዳንድ ጊዜም ሲሶውን ያህል ይቈጥባል። ስለዚህ ብልሆች ብስክሌተኞች በሰልፍ ይሄዳሉ። የፊተኛው ጥቂት ከመራ በኋላ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል፤ ሁለተኛውም በርሱ ስፍራ ይተካል፤ ከዚያም ሦስተኛው። እንዲህ ሁሉም በየተራው ይደክማል፤ ሁሉም በየተራው ያርፋል። አምስት ሰዎች እንዲህ ከተባበሩ አንድ ብርቱ ሰው ብቻውን ሆኖ ሊደርስባቸው ይቸገራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በብስክሌትም እውነት ነው።

ይህ ሥርዓት በሰው ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በረጅም መንገድ የሚሰደዱ አንዳንድ ወፎች ከፊት የመብረርን ድካም በየተራ እንደሚካፈሉ ሊቃውንት በ2007 ዓመተ ምሕረት ባወጡት ምርመራ ገልጠዋል። አንዱ ወፍ ለሌላው የመራለትን ያህል፥ ያ ደግሞ ተመልሶ ይመራለታል። ወፍ ያወቀውን ሰው ቢረሳው እጅግ ያሳፍራል።

አሁን ለምሳሌ ያህል ሁለት ጎልማሶች ይታሰቡ። ሁለቱም በአንድ የዙር ውድድር ገቡ። አንዱ ተራው በደረሰ ጊዜ ሁሉ ወደ ፊት ይወጣል፤ ፀሐዩ ግንባሩን ያቃጥለዋል፥ ነፋሱም ደረቱን ይመታዋል፤ እርሱ ግን የድርሻውን ሳያጐድል ይመራል። ሁለተኛው ተራው ሲደርስ እጁን እያወዛወዘ፥ «ደክሞኛል፥ ቅደሙኝ» ይላል። በሠላሳው ዙር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ነፋስን በፊቱ አላየም። የመጨረሻው ደወል በተደወለ ጊዜ ግን ድካሙ ሁሉ ይጠፋል። ከሰው ጥላ ወጥቶ ይሮጣል፥ የደከሙትንም ሁሉ ቀድሞ መስመሩን ያልፋል። ሕዝቡም ያጨበጭብለታል።

ይህ ሰው የውድድሩን ሕግ አፈረሰን? አላፈረሰም። ከሌላው ኋላ መሄድ አልተከለከለምና። ስለዚህ ዳኛው አንደኛ ነህ ብሎ ዋንጫውን ሊሰጠው ይገባል፤ ዳኛ በሕጉ እንጂ በልቡ ስሜት ሊፈርድ አይችልምና። ነገር ግን ሽልማትና ክብር ሁለት ነገር ናቸው። ሽልማትን የሚሰጥ ዳኛ ነው፤ ክብርን የሚሰጥ ግን አብሮ የደከመ ባልንጀራ ነው። ያ ሰው ዋንጫውን ይዞ ወደ ባልንጀሮቹ በተመለሰ ጊዜ ማንም ከልቡ እንኳን ደስ ያለህ አይለውም።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «ይህ ብልህነት ነው እንጂ ነውር አይደለም። ኀይልን መቈጠብ የጥበብ ሥራ ነው። ሞኞቹ ቢደክሙ የርሱ ጥፋት ምንድር ነው?» ይል ይሆናል። ይህ ነገር እውነት ይመስላል፤ ቢመረምሩት ግን ባዶ ነው። ኀይልን መቈጠብስ በእርግጥ ጥበብ ነው፤ ሁሉም በየተራው የሚቈጥበው ስለዚህ ነው። ነገር ግን የዚያ ሰው ብልህነት የሚያገለግለው ሌሎቹ እንደርሱ ባላደረጉ ጊዜ ብቻ ነው። ሁሉም እንደርሱ ከሰው ኋላ ልሁን ቢል ከፊት የሚሆን ማን ይገኛል? ሰልፉ ይዘገያል፤ አንዱ ሌላውን እያየ ይቆማል፤ ውድድሩም ውድድር መሆኑ ይቀራል። ሁሉ ሰው ቢያደርገው የሚጠፋ ነገር ጥበብ ሊባል አይገባውም።

የዕቁብ ነገር ይህን ያስረዳል። ዐሥር ሰዎች በየወሩ ገንዘብ እያዋጡ በዕጣ ለአንዱ ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከበላ በኋላ አልከፍልም ቢል ሰው ሁሉ ምን ይለዋል? ብልህ አይለውም፤ ከዳተኛ ይለዋል እንጂ። በሰው ደረት ነፋስን ተከልሎ የራሱን ተራ የማይከፍልም እንዲሁ ነው። የባልንጀሮቹን ላብ በብድር ወስዶ አስቀርቶታልና።

ከዚህም ሌላ የዙር ውድድር መንገዱ ክብ ነው። በአንድ ዙር ባልንጀራውን ያታለለ ሰው በሚቀጥለው ዙር በዚያው ባልንጀራው ፊት ያልፋል። ዘንድሮ ያታለለም በሚመጣው ዓመት ከነዚያው ሰዎች ጋራ ይሰለፋል። ያን ጊዜ ነፋስ የሚመክትለት ያገኛልን?

የዚህን ነገር ፍጻሜ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። የድሬዳዋን ቀጥተኛ መንገዶች የቀየሱት የባቡር ኩባንያ ሰዎች አገር በሆነች በፈረንሳይ፥ የፈረንሳይ ዙር የሚባል ታላቅ የብስክሌት ውድድር አለ። ይህ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ1895 ዓመተ ምሕረት፥ ባቡሩ ድሬዳዋ በደረሰበት በዚያው ዓመት ነው። የፈረንሳይ ዙር በአንድ ከተማ ውስጥ የሚደረግ አይደለም፤ በአገሪቱ በሙሉ ብዙ ቀን የሚዞር ነው እንጂ።

በ1926 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም በፈረንጆች 1934 ዓመት፥ ሬኔ ቪዬቶ የሚባል የሃያ ዓመት ጎልማሳ ለፈረንሳይ ቡድን ይወዳደር ነበር። የቡድኑ አለቃ አንቶናን ማኝ ይባል ነበር፤ ውድድሩንም የሚመራ እርሱ ነበር። ቪዬቶ ግን ተራራ በመውጣት ከብዙዎች የበለጠ ስለ ሆነ ሕዝቡ ይህን አዲስ ልጅ እጅግ ወደደው።

አንድ ቀን በፈረንሳይና በእስፓኝ መካከል ካሉት ከፒሬኔ ተራራዎች ቍልቍል ሲወርዱ ማኝ ወደቀ፤ የብስክሌቱም መንኮራኩር ተሰበረ። ቪዬቶ በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ ቢያልፍ ማንም አይዘውም ነበር። እርሱ ግን ቆመ፤ የራሱን የፊት መንኮራኩር ፈትቶ ለአለቃው ሰጠ። ማኝ ሄደ። ቪዬቶ በመንገዱ ዳር ካለ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጦ ሌላ መንኮራኩር የሚያመጣለትን መኪና ጠበቀ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በፊቱ ሲያልፉ እያየ አለቀሰ። በዚያ ሲያለቅስ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ድረስ የታወቀ ነው።

በማግሥቱ ደግሞ ቪዬቶ ከማኝ ቀድሞ ሲሄድ የማኝ ብስክሌት እንደ ገና ተበላሸ። ቪዬቶ ይህን ባወቀ ጊዜ ብስክሌቱን አዙሮ የወረደበትን መንገድ ተመልሶ ወጣ፤ ብስክሌቱንም ለአለቃው ሰጠ። በውድድሩ ፍጻሜ ማኝ አንደኛ ሆነ። ቪዬቶ በጠቅላላው አምስተኛ ወጣ፤ በተራራ መውጣት ግን የመጀመሪያውን ሽልማት ወሰደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቢወዳደርም የፈረንሳይን ዙር አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው የቪዬቶ እንባ ነው። አንዳንድ መጻሕፍት መልካም ሥራ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ደስ እያለው እንደሚሠራ አድርገው ይናገራሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መልካም ሥራ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍል ሰውም ያመዋል። ልጅ ለባልንጀራው ድርሻውን ሰጥቶ ኋላ ቢያለቅስ ልቡ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሰጠው ነገር እውነተኛ ስጦታ ስለ ነበረ ነው እንጂ። የማያስፈልገውን ነገር የሰጠ ሰው አያለቅስም።

ሁለተኛው ነገር የማግሥቱ ሥራው ነው። በመጀመሪያው ቀን ቪዬቶ የሚያጣውን ሳያስብ በችኰላ አድርጎት ይሆናል የሚል ሰው ቢኖር፥ በሁለተኛው ቀን ግን ዋጋውን ዐውቆት ነበር። በድንጋይ ላይ ተቀምጦ አልቅሷልና። ዐውቆም ሳለ ተመለሰ። የሰው ጠባይ የሚፈተነው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በማግሥቱ ነው።

ማኝ ያገኘውም አሸናፊነት የርሱ ብቻ አልነበረም። በርሱ ስም ቢጻፍም የቪዬቶ መንኮራኩርና የቪዬቶ እንባ በውስጡ አለ። አሸናፊ ሁሉ እንዲህ ባለዕዳ ነው። ይህን ዐውቆ የሚያመሰግን አሸናፊ በሰው ዘንድ ይወደዳል፤ ሁሉን በጉልበቴ አገኘሁት የሚል ግን ከዋንጫው ጋራ ብቻውን ይቀራል።

ኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ናት። በ1949 ዓመተ ምሕረት በሜልቦርን ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ሯጮች ብቻ አልነበሩም የሄዱት፤ ብስክሌተኞችም ነበሩ። ከነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር። በዚያ የብስክሌት ውድድር ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለቡድንም ሽልማት ነበረ፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢፈጥን ለአገሩ ቡድን አይበቃም ነበርና። ከዚያም ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ2008 ዓመተ ምሕረት፥ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ለመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በውጭ አገር ቡድኖች ውስጥ የርሱ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑን መሪዎች ማገዝ ነበር። ነፋስ መመከት፥ ውሃ ማቀበል፥ መሪው ወደ ኋላ ሲቀር ጠብቆ ማምጣት የአጋዥ ሥራ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ዋንጫ አይሰጥም። ነገር ግን ያለዚህ ሥራ ዋንጫ የሚይዝ የለም።

እንግዲህ የብስክሌት ማኅበር ዓመታዊ የዙር ውድድር ሲያደርግ ምን ቢያደርግ ይሻላል? ለመጀመሪያው ሰው የሚሰጠውን ዋንጫ ይስጥ፤ ይህ ሕግ ነው። ነገር ግን ሁለተኛ ሽልማት ይጨምር፤ ይህንም ከሁሉ ይልቅ ለባልንጀሮቹ ነፋስን ለመከተው ሰው ይስጥ። ይህን ሰው የሚመርጡት ዳኞች አይሁኑ፤ ዳኛ በመስመሩ ላይ የሚሆነውን እንጂ ከመስመሩ ማዶ የሚሆነውን አያይምና። ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ይመስክሩ። በሰልፍ ውስጥ ማን እንደ መራ፥ ማንም እንደ ተደበቀ እነርሱ ያውቃሉ። ሽልማቱ ትንሽ ነገር ቢሆን ግድ የለም፤ ስሙ በሕዝብ ፊት መጠራቱ ይበቃዋል።

ተመልካቹም የሚያደርገው አለው። ከሁሉ ኋላ የቀረውን ሰው ሲያይ አይሳቅበት። ያ ሰው ምናልባት በዐሥሩ ዙር ሌሎቹን ሲመራ ኀይሉን የጨረሰ ሊሆን ይችላል። አንደኛውን ያደረሰው እርሱ ሊሆን ይችላል። የሰውን ሥራ ከመጀመሪያው ሳያዩ በመጨረሻው ብቻ መሳቅ መጽሐፍን ሳያነቡ በልባሱ እንደ መፍረድ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ብስክሌት የሌለው ልጅ ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም አይበል። በትምህርት ቤትም ነፋስ አለ። ወንበር ሲሸከሙ ጫፉን ይዞ ክብደቱን ለባልንጀራው የሚተው ልጅ አለ። ክፍል ሲጠረግ ተራው በደረሰ ቀን ታመምሁ የሚል አለ። ባልንጀራው ሌሊት ያጠናውን ጠዋት ገልብጦ የሚያመጣም አለ። እነዚህ ሁሉ በሰው ደረት ነፋስን የሚከለሉ ናቸው። ደግሞም ንባብ ያወቀ ልጅ ገና ፊደል ለሚቈጥረው ቆሞ ሲያስረዳው ይታያል፤ ይህ ልጅ መንኮራኩሩን የሰጠ ነው።

በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ፀሐይ ለሁሉ እኩል ትወጣለች፤ ነፋሱም ለሁሉ እኩል ይነፍሳል። ልዩነቱ ማን በተራው ከፊት ቆመ የሚለው ነው። መስመሩን ቀድሞ ማለፍ ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ ነው፤ ተራን አለማጕደል ግን ለሁሉ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ልጅ ሁሉ አንደኛ ለመሆን ከመጸለዩ በፊት ተራው ሲደርስ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ይማር።